ጋሽ ይማም የሚጠብቁት ምሰሶ

የጋሽ ይማምን ሞት የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። ከቤት ወደ ሱቄ ስሄድ በመስተዋቱ አየት አደረገኝና፣ «የፎቁ ዘበኛ ሞቱ አይደል? ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው አሉ» አለኝ። ከዚያ ስለ ቤንዚን ወረፋ ማውራቱን ቀጠለ። ዘበኛ ማለቱ ከሞታቸው እኩል አበሸቀኝ። እርግጥ ነው፣ ዘበኛ ነበሩ። ግን ያን ፎቅ ከመሠረቱ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያም ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደ በሽተኛ አስታመሙት። «አውርደኝ» አልኩትና መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ሐዘን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጸጸትም ነበረበት፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ከደሴ ወደ ወልዲያ ያለፈ ሰው ፎቁን አይቶታል። ሐይቅ ከተማ ሲገባ በስተቀኝ፣ ሚኒባሶች «ደሴ! ደሴ!» እያሉ ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት ነው። ጂ ፕላስ ሦስት ነው፤ ከምድር ቤቱ ጋር አራት መሆኑ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ምኑም አይደለም። ለእኛ ግን ለብዙ ዘመን ከእሱ የሚረዝም የመስጊዱ ሚናራና የስልክ ማማው ብቻ ነበሩ። ያሠሩት ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። መጀመሪያ ታች ሱቅ፣ ላይ መጋዘን ነበር። በኋላ ጠበቃውም፣ የኢንሹራንሱም ወኪል፣ የእርሻ ፕሮጀክቱም ገቡበትና ቢሮ በቢሮ ሆነ። አቅጣጫ የሚጠየቅ ሰው «ከፎቁ ጀርባ»፣ «ከፎቁ ፊት ለፊት» እያለ ነው የሚመልስ። ቀልደኞቹ ሰማይ ጠቀስ ይሉት ነበር። እኔ ምድር ቤቱ ላይ፣ ከደረጃው አጠገብ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ አለኝ። ሳዑዲ ለሚሄዱ ልጆች ፎርም እሞላለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ በላስቲክ አሽጋለሁ።

ጋሽ ይማም ቀን ቀን በሩን ይጠብቁ ነበር። የአምባሰል ሰው ናቸው። አንድ ትከሻቸው ዘመም ያለ፣ ሽርጣቸው ላይ አሮጌ ኮት የሚደርቡ፣ ነጭ ኮፍያቸው ግን ሁልጊዜ አዲስ የሚመስል ሽማግሌ። ሐይቅ ላይ ደህና ግንብ ያለው ቤት ካያችሁ አብዛኛውን የገነቡት እሳቸው ናቸው፤ የእናቴን ቤት ጨምሮ። ታዲያ ይህን የሚያህል ግንበኛ ለምን የበር ዘበኛ ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዓይናቸው ደክሞ ነው ይባል ነበር። ዓይናቸው እንኳ ከእኔ ይሻል ነበር፤ ከደረጃው ሥር ሆነው የእኔን የፊደል ስህተት ባያዩም የግድግዳን ስንጥቅ ከመንገድ ማዶ ያዩ ነበር።

አንድ ጠባይ ነበራቸው። የሠሩትን ቤት አያሞግሱም። አንድ ሙሽራ ሚስቱን ይዞ መጥቶ፣ «ጋሽ ይማም፣ እስቲ ቤታችን እንዴት ያለ ቤት እንደሆነ ለእሷ ንገሩልኝ» ብሎ ለመናቸው።

«ቆሟል» አሉ።

«እሱንማ እናያለን፤ ማማሩን ነው እንጂ።»

«መዋብ የቀለም ነው። ግንብ ምስጋናው መቆሙ ነው። ሂዱ፣ አላህ ያኑራችሁ።»

ሙሽራዋ እየሳቀች ሄደች። እኔም እንደ ቀልድ ያዝኩትና ምሳዬን አቅርቤላቸው «እንዴት ነው?» ስላቸው «ቆሟል» ይሉኝ ነበር።

ሌላም ጠባይ ነበራቸው፤ እሱን ቀልድ ማድረግ አልቻልኩም። ከደረጃው በስተግራ፣ ከሱቄ ግድግዳ ጋር የተያያዘ አንድ የአርማታ ምሰሶ አለ፤ ግንበኞች ኮለን የሚሉት። ጋሽ ይማም ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ መዳፋቸውን እሱ ላይ ያሳርፋሉ፤ እናት የልጅ ትኩሳት እንደምታይ። ከዚያ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ወንበራቸው ከጎኑ ነው፤ ተደግፈውት ግን አያውቁም። ክረምት ሲወጣ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ይለቅሙትና በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። ዱዓ ነው ብዬ እተወዋለሁ።

አንድ ቀን የሱቄን ሰሌዳ ልሰቅል ምስማር ይዤ ኮለኑ ላይ አንድ ጊዜ እንደመታሁ፣ እኚያ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ከበሩ ጮኹብኝ።

«አንቺ ልጅ! በዚህ ላይ ምስማር አይመታም! ከፈለግሽ የኔ ግንባር ላይ ምቺው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተቀየምኳቸው። ሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታዬን ነፈግኳቸው፤ እሳቸው ግን በየጠዋቱ «ሰባሐል ኸይር» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ራሳቸው ገብተው «መዲና፣ አውፍ በይኝ። ጩኸቴ ላንቺ አልነበረም» አሉኝ። ለማን ነበር ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ መልሱ የሚያስፈራ የመሰለኝን ጥያቄ አልጠይቅም።

ሐጂ ሰይድ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ከድር ከሳዑዲ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ዕድሜውን በረሃ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ያፈራውን ሁሉ ይዞ የአባቱን ፎቅ ሊያድስ የተመለሰ ሰው ነው። አንድ ቀን ባለ ቀለም ሥዕል ይዞ ሱቄ ገባና በላስቲክ እንዳሽግለት ሰጠኝ። ፎቃችን ነው፤ ግን ሦስት ፎቅ ተጨምሮበት፣ ሰማያዊ መስታወት ለብሶ፣ ሊፍት ገብቶለት፣ ጣራው ላይ ወደ ሐይቁ የሚያይ ካፌ ተሠርቶበት። ሥዕሉ ላይ ሐይቁ ራሱ ከወትሮው የጠራ ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አሽጌለት ደረጃው ላይ ተለጠፈ።

ጋሽ ይማም ሥዕሉ ፊት ቆሙ። በሌባ ጣታቸው ከታች ወደ ላይ ቆጠሩ፤ ጨረሱና እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ሱቄ ገብተው ውሃ ለመኑኝ። ብርጭቆውን ተቀብለው ሳይጠጡለት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

በነጋታው መጥተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ደብዳቤ ጻፊልኝ።»

«ለማን?»

«ለከድር። በዚህ ፎቅ ላይ ሌላ ፎቅ እንዳይጨመር በይ። ስም አታስገቢ።»

«ስም የሌለው ደብዳቤ ማን ያነባል፣ ጋሽ ይማም?»

ሳያጽፉ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን መጡ። «እንግዲያ እንዲህ በይ፤ አንድ ግንበኛ እንደሚለው፣ በምድር ቤቱ አንድ ኮለን ላይ ጉድለት አለ።» ጻፍኩት። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው አራት ጊዜ አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። እኔ ግን የሰማሁትን መልሼ ማጠፍ አልቻልኩም። የምድር ቤት ኮለን ማለት እኔ ተቀምጬ የምውልበት ነው።

«የትኛው ኮለን ነው?» አልኳቸው። ፈሪነቴ ያን ቀን አልረዳኝም።

በአገጫቸው ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ አሳዩኝ።

ከዚያ ነገሩኝ። በጣም ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳይነቅሉ።

«እሱን ኮለን እያፈሰስን ነበር። እኔ ካቦ ነኝ፤ ሠራተኛው በቃሌ ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ የሰጠመው ሰው ተገኘ ተባለ። ሦስት ቀን ሐይቁ ላይ የተፈለገ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሬሳው ቆይቷል፣ ቶሎ መቀበር አለበት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ጭቃ፣ ተሸካሚው ትንሽ። በደጃችን ነው ያለፈ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ሬሳ በፊትሽ ሲያልፍ አካፋ ይዘሽ ትቆሚያለሽ?»

«አልቆምም።»

«እኔም አልቆምኩ። ተዉት፣ እንሂድ አልኩ። እስላሙም ክርስቲያኑም አካፋውን ጥሎ ወጣ። ቃሬዛውን እየተቀባበልን አደረስነው። ስንመለስ ፀሐይ አዘንብላ አሱር ሆኗል። ግማሹ ኮለን ደርቋል፤ መሬት ላይ የቀረው የሲሚንቶ ቡኮም ጠጥሯል። መጣል ነበረበት። ሲሚንቶ በዚያን ጊዜ በደጅ ጥናት ነው የሚገኝ፤ ሐጂ ደሴ ስንቴ ተመላልሰው ያመጡት ነው። አሳዘነኝ። ውሃ ጨምሩበት አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በውሃ ቀሰቀስነውና ከላይ ሞላነው። ሳንቃው ሲነሳ መጋጠሚያው አፉን ከፍቶ አገኘሁት። ኢንጂነሩ ሳይመጣ ለሰንኩት።»

«ቀብር መሄድ እኮ ወንጀል አይደለም» አልኩ፤ ላጽናናቸው ፈልጌ።

«ቀብሩን ማን አለሽ። ውሃው ነው። ልስኑ ነው።»

ያኔ ተቆጣሁ። ይህን ሁሉ ዘመን እኛን እዚህ ሥር አስቀምጠው እንዴት ዝም ማለት እንደቻሉ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም።

«ለአራት ይበቃዋል፤ ፌሮው ጥሩ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ። ዘበኛ የሆንኩት ለምን መሰለሽ? ሐጂን ለምኜ ነው። ቢሰነጠቅ ቀድሜ የማየው እኔ ልሁን ብዬ። ለሰባት ግን አይበቃውም፣ መዲና። ወላሂ አይበቃውም።»

«ታዲያ ሄደው ይንገሩት!»

«ልጅ የለኝ። ርስት የለኝ። ያለኝ ስም ነው። ይማም የሠራው ቤት ሲባል ሰው ልቡ ያርፋል። አንዱን ከተናገርኩ ሌላውን ማን ያምነኛል?»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ወይ ስማቸው፣ ወይ እኛ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ የሚሉትን ነገር አላየሁም። ወልዲያ የሚሄድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ሲንዘረዘር ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ይቆማሉ። ፎቶ ኮፒው ሲያንጎራጉር እንኳ ግድግዳው የሚያቃስት ይመስለኛል። ለእናቴ መንገር ፈለግሁ፤ አማና፣ አደራ ብለውኛልና አልነገርኩም። ሱቁን ዘግቼ ልሂድ አልኩ፤ ላይ ያሉትን ሰዎች ሳስብ እግሬ እንቢ አለኝ። ከደረጃው የምትወርደውን የጠበቃውን ጸሐፊ ሰላም ስላት ለአንድ ወር ያህል ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

በመጨረሻ በስማቸው የሆነውን ደብዳቤ ጻፍን። «እኔ ይማም» ብሎ የሚጀምረውን። ሲፈርሙ ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር። ከድር አነበበውና ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። በሩ ድረስ መጥቶ ትከሻቸውን አቀፈ።

«ጋሽ ይማም፣ አንቱን ማን ያባርራል? ፎቁ ቢታደስም በሩ የአንቱ ነው። አብሽሩ።»

«ስለ ሥራዬ አይደለም የጻፍኩልህ።»

«ኢንጂነሯ መርምራለች። መሣሪያ ይዛ ነው የመጣች።»

ኢንጂነሯ ከደሴ የመጣች ወጣት ናት፤ ጥቂት ኮለኖች ላይ መሣሪያዋን አሳርፋ ደህና ናቸው ማለቷ እውነት ነው። ያኛው ከሱቄ ግድግዳ ጋር ስለተለሰነ አልነካችውም። ጋሽ ይማም ይህን ለማስረዳት ሞከሩ፤ ከድር ግን ስልኩ ጮኸና ሄደ። በዚያ ሳምንት የጣራው ቆርቆሮ ተነሳ። ፌሮ በትከሻ በትከሻ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። የግሸን ተጓዦች አውቶቡሶች መንገዱን ሞልተውት ስለነበር ሲሚንቶ የጫነው መኪና ሳይደርስ ዋለ፤ እኔ ተጓዡ ዓመቱን ሙሉ ቢያልፍ ምን ነበረበት እያልኩ ነበር።

መኪናው ግን መጣ። አዲሱ ወለል ከመሞላቱ በፊት ከድር ሰንጋ አረደና አገሩን ለዱዓ ጠራ። በእኛ አገር ያለ ዱዓ ሥራ አይጀመርም። ሼኹም፣ ቄሱም፣ ነጋዴውም በደረጃው ፊት ተቀመጡ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ላይ ይጠብቃሉ። ሼኹ ለዱዓ እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት ጋሽ ይማምን አዩና፣ «መሠረቱን ያወጣው ይማም ነው። እሱ ይክፈትልን» አሉ። ትልቅ ክብር ነው። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ።

ጋሽ ይማም ተነሱ። እጃቸውን አልዘረጉም።

«ጀመዓ» አሉ፣ «ዱዓውን ባደርግ አሚን ትሉኛላችሁ። ውሸት ላይ አሚን አላስብላችሁም። ሐቅ አለብኝ።»

ከዚያ ለእኔ የነገሩኝን ለሁሉም ነገሩ። አላሳጠሩም፣ አላሳመሩም። «ውሃ ጨምሩበት ያልኩት እኔ ነኝ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጠብቀው ደገሙት። ከድር ተነስቶ «ጋሽ ይማም፣ በአላህ፣ በሰው ፊት...» አለ። እሳቸው ግን መዶሻና መሮ ከኮታቸው ሥር አውጥተው ወደ ኮለኑ ሄደው ነበር። ልስኑን መቱት። በሦስተኛው ምት እንደ ምጣድ ስባሪ ረገፈ።

መስመሩ ይታያል። ክንድ የሚያህል ጠቆር ያለ ቦታ፤ ጠጠሩ እርስ በርሱ ያልተያያዘ። ኢንጂነሯ ሰው እየገፋች መጣችና ካቻቢቴ አስገባችበት። እስከ እጀታው ገባ። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ወደ ላይ አንጋጣ፣ «ማንም አካፋ እንዳያነሳ! ውረዱ! ቀስ ብላችሁ አንድ በአንድ ውረዱ!» አለች።

እኔ ሲወርዱ እየቆጠርኳቸው ነበር። የመጨረሻው መሬት ሲረግጥ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከድር ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዟል። ሥጋው ሳይበላ ሰው ተበተነ።

የከድር ሰባት ፎቅ ቀረ። ኮለኑ በብረትና በአዲስ አርማታ ታቅፎ ታደሰ፤ ፎቁ አራት እንደሆነ ሰማያዊ መስታወቱን ለበሰ። ከድር በኋላ መጥቶ ጉልበታቸውን ስሞ በሩን እንዲጠብቁ ለመናቸው። «ከእንግዲህ የምጠብቀው የለኝም» አሉት።

ግን የፈሩት ደረሰ። በማግስቱ ከተማው በሙሉ ግድግዳውን ማንኳኳት ጀመረ። ይማም ነው የሠራልኝ ብሎ ይኩራራ የነበረ ሰው ከደሴ ሌላ ግንበኛ አስመጣ። አንዱ መሠረቱን ቆፍሮ አየ። ፊት ለፊት የሰደባቸው የለም፤ ሐይቅ ላይ ሽማግሌ አይሰደብም። ብቻ ሰላምታው አጠረ። አንድ ቀን ቤታቸው ስሄድ፣ «መዲና፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ቤቱን እያሰበ ነው» አሉኝ። ከዚያ መስጊድም አልፎ አልፎ ሆነ። ሳል ያዛቸውና እያደር ባሰ። በሄድኩ ቁጥር ስለ ከተማው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኝ ነበር።

«ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም» እላለሁ። እንዳያዝኑ ብዬ ነው። እሳቸው ግን ውሸት በኳኳታ የሚለዩ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። የማስበውን ብነግራቸው ኖሮ፣ እኔ ራሴ በእናቴ ቤት ያለ ሐሳብ እንደምተኛ ብነግራቸው ኖሮ ምን ነበረበት? ማጽናናት ማለት ዝም ማሰኘት መስሎኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ከሴቶቹ መካከል እማ ዘይነባ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው ባልቴት መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። እሳቸውም በጋሽ ይማም ቤት ነው የሚኖሩ፤ የሠሩላቸው ማለቴ ነው።

«ያን ደብዳቤ የጻፍሽለት አንቺ ነሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እማ።»

«የኔ ቤትስ እንዲያ ያለ ጉድለት አለበት?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ለካ ሁሉም ይህን ሊጠይቁኝ ፈልገው ኖሯል። ደሜ ፈላ፤ ሬሳው ገና አፈር ሳይጠግብ።

«የለበትም። ጉድለት ያለበት አንድ ኮለን ብቻ ነው።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

እማ ዘይነባ ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ሰማችሁ? እኔስ አውቀዋለሁ፤ ለእናንተ ነው ያስማልኳት። ለአንድ ኮለን ብሎ ስሙን አገር ፊት የጣለ ሰው፣ ሁለተኛ ቢኖርበት ዝም ብሎ ይሞት ነበር? እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ቤቴን ጭራሽ ያመንኩት።»

«እውነትሽን ነው» አለች አንዷ። «ወላሂ እውነት ነው» አለች ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም ስለ ቤታቸው ያወሩ ጀመር፤ ክረምቱን እንዴት እንደቻለ፣ ጎርፉ ሌላውን ሲወስድ እንዴት እንደቀረ።

እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። አራት ወር ሙሉ «ምን ይላሉ?» እያሉ የጠየቁኝ ይህንን ነበር። አንድ ሰው ሄዶ ይህን ቢነግራቸው ምናልባት ሞታቸው አይቀርም፤ አሟሟታቸው ግን ይለይ ነበር። እማ ዘይነባን፣ «ይህን ለእሳቸው ነግረዋቸው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኸረ እኔ፣ አልነገርኩትም» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ።»

የእማ ዘይነባ ቤት ከጋሽ ይማም ቤት ሦስተኛው በር ነው።